ከእያንዳንዱ ዙሪያ አንድ ጣት

ሰፈርተኛው «ጋሽ በርሜል» ይለዋል። ሰውየው ግን በርሜል አይመስልም፤ እንደ ብየዳ ዘንግ ቀጥ ያለ፣ ቀጭን፣ ነፋስ እንኳ ሳያየው አልፎት የሚሄድ ዓይነት ነው። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። ዕድሜውን በሙሉ ክብ ነገር ሲሠራ ኖሯል፤ የውሃ ታንከር፣ የዘይት በርሜል፣ የጭስ መውጫ ቱቦ። ላሜራውን ይቆርጣል፣ ይጠቀልላል፣ ጫፍና ጫፉን አገናኝቶ ይበይዳል። ስለ ሥራው የሚጠይቀው ሰው ካለ፣ «ምን ሥራ አለኝ ብለህ ነው፣ የተጣሉ ጫፎች አስታርቃለሁ» ይላል።

ሃምሳ አራት ዓመት በሞላው ዓመት ጫፎቹ አንታረቅም አሉት።

ነገሩ የጀመረው አንድ የጨርቅ ማቅለሚያ ቤት ስምንት ታንከር ባዘዘው ጊዜ ነው። መጠናቸው የተለያየ ነው፤ ትንሹ ከጉልበት አይዘልም፣ ትልቁ ውስጥ አልጋ ይገባል። ከትንሹ ጀመረ። አሠራሩን የተማረው ከአባቱ ነው። መጀመሪያ ክቡ ወለል ይቆረጣል። ከዚያ የወለሉ ስፋት፣ ከዳር እስከ ዳር በመሃል አልፎ፣ ይለካል። ስፋቱ ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም በተጻፈው ቁጥር፣ በ3.1416፣ ይባዛል። የተገኘው ነገር ዙሪያውን የሚያቅፈው ላሜራ ርዝመት ነው። ያ ላሜራ ተጠቅልሎ ወለሉን ሲያቅፍ ጫፎቹ ይሳሳማሉ። ስንት ዓመት ሙሉ ተሳስመዋል።

ያን ቀን አልተሳሳሙም። በመሃላቸው ክፍተት ቀረ። ሌባ ጣቱን ከተተበት፤ ክፍተቱ ለጣቱ ተለክቶ የተሠራ ይመስል ልክክ አለ። «ዕድሜ ነው» አለ ለራሱ። በቁራጭ ላሜራ ሞላውና በየደው።

ሁለተኛው ታንከር ሰው ቆሞ የሚገባበት ነበር። ሁለት ጊዜ ለካ፣ ሁለት ጊዜ አባዛ፣ ቆረጠ፣ ጠቀለለ። ክፍተቱ ቀረ። ጣቱን ከተተ። ያው ጣት፣ ያው ልክ።

ሦስተኛው ትልቁ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ውስጡ ገብቶ ቆመ። ውጭ መንገዱ ይንጫጫል፤ ውስጥ ግን የራሱ ትንፋሽ ብረቱን ዞሮ ከጀርባው ይመጣበታል፣ ሌላ ሰው አብሮት ገብቶ የሚተነፍስ ይመስል። በክፍተቱ በኩል የገባችው ፀሐይ ደረቱ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምራለች። ጣቱን ወደ ብርሃኑ ዘረጋ። ገባ። ክፍተቱ አልሰፋም፣ አልጠበበም። እንደ ተነከሰ ሰው እጁን ሰበሰበ።

ጉልበት በማያህል ነገር ላይ የጎደለውና ቤት በሚያህል ነገር ላይ የጎደለው እንዴት አንድ ይሆናል? የሰው ስሕተት አንድ ቀን ይሰፋል፣ አንድ ቀን ይጠባል። ይህ ግን የአንድ ሰው ፈቃድ ይመስላል። አንድ ሰው ከእያንዳንዱ ዙሪያ፣ እሱ ዞር ሲል ጠብቆ፣ አንድ ጣት እየቆረጠ የሚወስድበት መሰለው። ይህን እንዳሰበ ከታንከሩ ወጣ፤ ሐሳቡ የራሱ አልነበረማ። የአባቱ ነበር።

አባቱ በዚሁ ግቢ፣ ከወርክሾፑ ጀርባ ባለው ክፍል ይኖራሉ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። እሳቸውም ስም የነበራቸው ታንከር ሠሪ ናቸው። ልክ በሃምሳ አራት ዓመታቸው፣ በአንድ ወር ውስጥ አራት ታንከር አልገጥም አላቸው። «ከሁሉም አንድ ጣት ይወስዱብኛል» አሉ። ማን ሲሏቸው፣ «እኔ ምን አውቄ፤ ከሁሉም ግን አንድ ጣት» አሉ። ደንበኛ ሸሸ፣ ሰፈር አንሾካሾከ። ያኔ ሃያ ሰባት ዓመት የሞላው ልጃቸው አንድ ማለዳ መለኪያ ሜትሩን ከእጃቸው ተቀበለና፣ «አባዬ፣ አሁንስ ዕረፍ» አላቸው። ዐረፉ። መጀመሪያ ተቆጡ፣ ከዚያ አዘኑ፣ ከዚያ ቃል ከአፋቸው መውጣት አቆመ። ዛሬ ክፍተት ባገኙበት ሁሉ ሌባ ጣታቸውን ይከታሉ፤ በበሩና በመቃኑ መካከል፣ በአልጋው ጣውላዎች መካከል፣ በመስኮቱ ጠርዝ። እናቱ የባላቸው ጣት እንዳይቀረጠፍ በየክፍተቱ ጨርቅ ይወትፋሉ።

ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል። ጋሽ በርሜል ከዚያች እኩለ ቀን ጀምሮ የፈራው ይህንኑ ነው፤ አእምሮው በአባቱ መንገድ መሄድ መጀመሩን። ለማንም አልተነፈሰም። እውነት ከሆነ አንድ ማለዳ አንድ ሰው መጥቶ ሜትሩን ከእጁ ይቀበለዋል፤ ከአባቱ አልጋ አጠገብም ሌላ አልጋ ይዘረጋል።

አንዲት ቀዳዳ ቀረችው። የተሳሳተው እሱ ሳይሆን ቁጥሩ ቢሆንስ?

ታናሽ እኅቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ የምትኖረውም ከወርክሾፑ በላይ ባለው ክፍል ነው። ቅዳሜ ጧት በረንዳዋ ላይ የፈተና ወረቀት እያረመች ሳለ መጥቶ ፊቷ ቆመ።

«አንቺ፣ ያ ፓይ የምትሉት ቁጥር ትክክል ለመሆኑ ማን አየው?»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ አሞሃል እንዴ? ሃያ ዓመት ስለ ፓይ ሳወራ እንቅልፍህ ነበር የሚመጣው።»

«እንቅልፌ አለቀ። ማን አየው ነው የምልሽ።»

«አሞሃል» የሚለው ቃል ሆዱ ውስጥ ገብቶ መቀመጡን አላወቀችም። ወንድሟ በስተርጅና ሒሳብ የወደደ መስሏት ደስ አላት። «ና እንውረድ፣ ዓይንህ እያየ ላሳይህ» ብላ ቀደመችው።

አንድ ሜትር ስፋት ያለው ወለል ነበር። ጠርዙ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረጉበትና አቁመው በግቢው አቧራ ላይ አንድ ዙር አንከባለሉት። ምልክቱ ዞሮ መሬት ሲነካ ወለሉ ሦስት ሜትር ከዐሥራ አራት ሳንቲም ሄዷል።

«ይኸው። ዙሪያው ለስፋቱ ሲካፈል። ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው ትርጉም ይሄ ነው።»

«ይሄ የራሱ የክቡ ቃል ነው» አለ። «ተጠርጣሪውን ጠይቀሽ ነጻ ነህ ልትዪው ነው? ሌላ ምስክር አምጪ።»

«ኧረ ክቡር ዳኛ» ብላ ሳቀች። «እሺ፣ ዙሪያውን ተወው፤ ሆዱን እንጠይቀው።»

ከመሃሉ እስከ ዳሩ ዐሥራ ስድስት ሳንቲም የሆነ ክብ፣ ጎኑም ዐሥራ ስድስት ሳንቲም የሆነ ካሬ ከአንድ ላሜራ እንዲቆርጥ አዘዘችው። ብረት የሚመዘንበት ሚዛን ላይ አወጧቸው። ካሬው አንድ ኪሎ ያህል ሆነ። ክቡ ሦስት ኪሎ ከመቶ ሃምሳ ግራም ገደማ። ሚዛኑ ላይ ያለውን መርፌ ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየው፤ መርፌው የሚያውቀው ሰው ፊት ይመስል።

«ርዝመት አልጠየቅንም፣ አላንከባለልንም» አለች። «ክብደት ብቻ ነው የጠየቅነው። ያው መጣ።»

«ይሄም የክቡ ዘመድ ነው። የዘመድ ምስክር አይቆጠርም።»

«ሰውዬ፣ ክብ የሚባል ነገር በሕልሙም አይቶ የማያውቅ ምስክር ነው የምትፈልገው?»

«እሱን ነው የምፈልገው።»

ፈገግታዋ ተለወጠ። እንደዚህ ያለ ምስክር ነበራት፤ ተማሪዎቿን የምታስደንቅበት ነው፣ ግን ባወጣችው ቁጥር እሷንም ትንሽ ያስፈራታል። አዲስ የብየዳ ዘንግ ከካርቶኑ አወጣች፤ ርዝመቱ ሠላሳ አምስት ሳንቲም ነው። በወርክሾፑ ሲሚንቶ ላይ በየሠላሳ አምስት ሳንቲሙ ቀጥ ያለ የጠመኔ መስመር አሰመረችው። ከዚያ ሃምሳ ዘንግ ጨብጣ ወደ ላይ በተነች።

ዘንጎቹ እየተንቃጨሉ ወደቁ። «መስመር የረገጡትን ቁጠር» አለችው። ቆጠረ። ሰበሰቡ፣ በተኑ፣ ቆጠሩ። ዐሥር ጊዜ። ወርክሾፑ ውስጥ ከብረት መንቃጨልና ከሱ የቁጥር ድምፅ በቀር ነገር አልነበረም። ከአምስት መቶው ውስጥ ሦስት መቶ ሃያው መስመር ረግጧል።

«የወረወርነውን እጥፍ አድርግ። ለረገጠው አካፍል።»

አካፈለ። 3.125።

«አንድ ሳምንት ብንበትን እየተጠጋ ወደዚያው ነው የሚመጣው» አለች። «ሁልጊዜ።»

ጋሽ በርሜል ወለሉን አየ። ዘንጎቹ ቀጥ ያሉ፣ መስመሮቹ ቀጥ ያሉ። አንድም የጎበጠ ነገር አልተጋበዘም። ቁጥሩ ግን መጥቷል፤ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም ብለህ ስትቀመጥ ከጓዳ በቀስታ ወጥቶ አጠገብህ እንደሚቀመጥ ሰው።

«በየት በኩል ገባ?» አለ በለሆሳስ።

«ለምን እንደሚመጣ ወረቀት ላይ ላሳይህ እችላለሁ። ሲመጣ ግን እኔም ፀጉሬ ይቆማል።» ክንዷን አሸት አሸት አደረገች። «ዩኒቨርሲቲ ያስተማረን መምህር ከነጭራሹ ክብ አይስልም ነበር። ኮሳይን የሚባል አንድ ሞገድ አለ፣ ከአንድ ተነስቶ ይወርዳል፤ መጀመሪያ ዜሮን የሚነካበትን ቦታ እጥፍ አድርጉና ፓይ በሉት አለን። ክቡ ከስንት ወር በኋላ ነው የመጣው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ክቡ አንዱ በር ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። በየትኛውም በር ብትገባ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅህ እሱው ነው።»

«ሌላም በር አለ?»

«ሞልቷል። ሂድ፣ በሩ ላይ ቁም። እኔ የምልህን ያህል ትራመዳለህ።»

ሄዶ ቆመ።

«አራት እርምጃ ወደ ፊት። አሁን የአራትን ሲሶ ወደ ኋላ። የአራትን አምስተኛ ወደ ፊት። ሰባተኛውን ወደ ኋላ። ዘጠነኛውን ወደ ፊት። ዐሥራ አንደኛውን ወደ ኋላ። እንዲህ እያልክ ዝም ብለህ ቀጥል፤ ልብህ የሚቆምበትን ቦታ ያገኛል።»

ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ። እርምጃው አጠረ። ግማሽ እርምጃ ሆነ፣ ጫማ ሆነ፣ ጣት ሆነ። በመጨረሻ እግሩ መነሣት ተወ፤ ክብደቱ ብቻ ከተረከዙ ወደ ጣቶቹ፣ ከጣቶቹ ወደ ተረከዙ ይሄዳል። የቆመው ከበሩ ሦስት እርምጃ ከትንሽ ላይ ነው። ዓይኑ ግድግዳው ላይ ተተክሏል። መቁጠሯን ካቆመች ቆይቷል፤ እሱ ግን መወዛወዙን አላቆመም። አስተማሪዋ ይህን አቋቋም ታውቀዋለች። አባታቸው በኋላው ክፍል መስኮት ሥር ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲወዛወዙ ስታያቸው ነው ያረጀችው።

«ጋሼ፣ በቃ ቁም።»

«ቆሜያለሁ» አለ።

አልቆመም ነበር። ሄዳ ክንዱን ያዘችው። ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል።

«አራት ምስክር» አለ። «አይተዋወቁም፤ ግን አራቱም አንድ ቃል ነው የተናገሩት። ቁጥሩ ጤነኛ ነው። እንግዲያስ የታመምኩት እኔ ነኝ።»

ጧቱን ሙሉ ምን ስትሠራ እንደነበር ያኔ ገባት። ጨዋታ መስሏት እያንዳንዱን መሸሸጊያውን በየተራ ስትዘጋበት ኖራለች።

«ምንድን ነው የሆነው? ንገረኝ።»

«አይገጥምልኝም።»

«ምን ያህል?»

ይቺን ቃል ከአፉ ማውጣት ከባዱ ነገር ነበር። «አንድ ጣት።»

«በየትኛው ታንከር?»

«ለምን ትጠይቂኛለሽ? በሁሉም። በትንሹም፣ በትልቁም፣ አንድ ጣት ነው። አባዬ እንዳለው። አሁን ደስ አለሽ?»

እሷ ግን እንደጠበቀው አላለቀሰችም። ፊቷ ላይ የመጣው ተማሪ ጥሩ ጥያቄ ሲጠይቃት የሚመጣው ዝምታ ነበር።

«በትንሹም በትልቁም እኩል?»

«እኩል አልኩሽ።»

«ጋሼ፣ እጅህ ቢሆን የሚሳሳተው አንዱ ይሰፋል፣ አንዱ ይጠባል። ቁጥሩ ቢሆን ጉድለቱ ከታንከሩ ጋር ያድጋል። እኩል የሚጎድል ከሆነ፣ የለካኸው ስፋት በሁሉም ላይ እኩል ነው ያነሰው። ጣትህ ስንት ሚሊ ሜትር ነው?»

ትልቁ ታንከር ያልተበየደ ጫፍ ነበረው። ሜትሩን ክፍተቱ ላይ ያዘ። «ዐሥራ ስድስት። ቢያንስ ቢያንስ ከዐሥራ አምስት ተኩል ያልፋል።»

«በቁጥሩ አካፍለው።»

«አምስት» አለ። «አምስት ይመጣል።»

«በዚህ ወርክሾፕ ውስጥ ከእያንዳንዱ ታንከር ጋር አብሮ የሚሄድ፣ አምስት ሚሊ ሜትር የሆነ ነገር ምን አለ?»

መዳፉን ታንከሩ ላይ አሳረፈ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ እጁን ወደ ላሜራው ጠርዝ ወሰደና በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ያዘው። ማቅለሚያ ቤቱ፣ ቀለሙ ብረት ይበላል ብሎ፣ ወፍራም ላሜራ አምጥቶለት ነበር። አምስት ሚሊ። እሱና አባቱ ዘመናቸውን የኖሩት በአንድ ተኩል ነው።

«ወለሉን ነው የምትለካው» አለች። «ላሜራው ግን ወለሉን ከውጭ ነው የሚያቅፈው። የራሱ ሥጋ አለው። በወዲህም በወዲያም የውፍረቱን ግማሽ ግማሽ ይጨምራል። ያንን ነው ያልቆጠርከው።»

«በስሱ ጊዜስ?»

«ስስ ሲሆን የሚጎድልህ ግማሽ ሳንቲም አይሞላም። በመቆንጠጫ ስበህ፣ በብየዳ ሞልተህ፣ ሳታውቀው ስትውጠው ኖረሃል።»

ሳቀ። ሦስት ሳምንት ያልሳቀ ሰው ሳቅ ነው፤ ትልቁ ታንከር ተቀብሎ አዙሮ መለሰው፣ ሁለት ሰው የሚስቅ እስኪመስል። «አንቺ የእናቴ ልጅ» አላት፣ «ምነው ሦስት ሳምንት ቀደም ብዬ በመጣሁ። ስንት እንቅልፍ መሰለሽ የበላብኝ።» ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ተቆረጠ። ታንከሩ ውስጥ የቀረው ድምፅ ለብቻው ትንሽ ቆይቶ ጠፋ።

«አባዬም እኮ ከሁሉም አንድ ጣት ነው ያለው» አለ።

እኅቱ ቀና ብላ አየችው። ሁለቱም ወደ ኋላ ግቢ ሄዱ።

እናታቸው ያጠቡትን አንሶላ ያሰጣሉ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ጥርስ ባይቀራቸውም ቀልድ ቀርቷቸዋል።

«እማዬ፣ አባዬ የታመመ ዓመት ላሜራው ምን ዓይነት ነበር?»

«ይኸው ደግሞ። የትናንት እራቴ የጠፋኝን ሴት የሃያ ሰባት ዓመት ላሜራ ይጠይቀኛል።» አንሶላውን ዘረጉ፣ ጫፉን ቆነጠጡ። ከዚያ እጃቸው ገመዱ ላይ ቀረ። «ወፍራም ነበር። ሳሙና ሠሪዎቹ ነበሩ ያዘዙት። ለዶሮ ቤቱ በር የምትሆን ቁራጭ ቆርጠህ ስጠኝ ብዬህ፣ ይሄንን መቀስ አይበላውም እማዬ፣ ሌላ ጊዜ ብለህ አሰናበትከኝ። አውሬ ሁለት ዶሮ በላብኝ፣ በምን እረሳዋለሁ።»

«መቼ ነው እንዲህ ያልኩሽ?»

«መቼ ትለኛለህ እንዴ፤ በዚያው ሰሞን ነዋ። የአባትህን ሜትር አምጥተህ ደብቂው ያልከኝ ሰሞን።»

አንሶላው በነፋስ ተነሥቶ በእናትና በልጅ መካከል ገባ። ሲወርድ ጋሽ በርሜል ከቦታው አልነበረም።

መጀመሪያ የሄደው ወደ ወርክሾፑ ነው። ከአምስት ሚሊው ላሜራ መዳፍ የምታህል ቁራጭ አነሣ፣ ስል ጠርዟን በሞረድ አለሰለሰ። ከዚያ የኋላውን ክፍል በር በቀስታ ገፋ።

ክፍሉ ቀትር ላይም ደብዛዛ ነው። አባቱ መስኮቱ ሥር ቆመዋል። እናቲቱ የወተፉት ጨርቅ ተነቅሎ ወድቋል፤ ጣታቸው ክፍተቱ ውስጥ ነው። ክብደታቸው ከተረከዝ ወደ ጣት፣ ከጣት ወደ ተረከዝ ይሄዳል። ልጅየው አጠገባቸው ቆመ። አእምሮው ደኅና መሆኑን አሁን ያለ ጥርጥር ያውቃል፤ በዚህ ሰውዬ ላይ ምን እንዳደረገም እንዲሁ።

«አባዬ» አለ። ጣታቸውን ከክፍተቱ በቀስታ አወጣና ቁራጩን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠ።

ሽማግሌው አላዩትም። አውራ ጣታቸው ግን ጠርዙን አገኘው። አንድ ጊዜ ሄደበት፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። መወዛወዛቸው ቆመ። ከዚያ ዓመታት ሙሉ ያልተናገረው አፋቸው፣ በድሮው የወርክሾፕ ድምፅ፣ ለአንድ ሞኝ ሠራተኛ እንደሚነገር ዓይነት፣ ተከፈተ።

«ውፍረቱን ጨምርበት።»

ጋሽ በርሜል ጎንበስ ብሎ ፊታቸውን አየ። «መቼ ነው ያወቅኸው፣ አባዬ?»

አሁን በአውራ ጣታቸው ነክተው ያወቁት ይሁን፣ ወይስ ሜትሩ በተወሰደባቸው በሳምንቱ አውቀው የሚሰማቸው አጥተው ይሁን፣ ከፊታቸው የሚነበብ ነገር አልነበረም። ቁራጩን መለሱለት። ጣታቸው ወደ መስኮቱ ክፍተት ተመለሰ።

እናቲቱ እርጥብ እጃቸውን በቀሚሳቸው እያበሱ በሩ ላይ ደርሰዋል። «ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ተናገረ እንዴ?»

«ተናገረ።»

«ምን አለ?»

ቁራጩን ላሜራ ኪሱ ከተተ።

«ሥራ አዘዘኝ» አለ።